የታሰረ ልጅ የማይተኛበት ክፍል

እትዬ ስንዱ ማረፋቸውን የነገረችኝ ደባርቅ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ናት። ዳባት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ደጃፍ ላይ ቆሜ ስልኩን አነሳሁት። «እትዬ ስንዱ አረፉ፤ ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው» አለችኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። አሁን ልጄን ማን ይጠብቅልኛል አልኩ። ልጄ እኮ አራት ዓመቱ ነው። ያን ጧት እንኳ ዳቦውን እየገመጠ፣ እየዘለለ ነው መዋዕለ ሕፃናት የገባው። ቢሆንም ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሰው ሲሞት ደግነቱ ብቻ ይወራለታል። እኔ ግን የእትዬ ስንዱን ደግነት ከማውራቴ በፊት ምን ያህል ያስፈሩ እንደነበር መናገር አለብኝ። ረጅም፣ አጥንታም፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ሴት ነበሩ። ሲያዳምጡ ግራ ዓይናቸውን ጨፈን ስለሚያደርጉ የምትነግራቸውን ሁሉ የሚጠራጠሩ ይመስላሉ። የደባርቅ ርእሰ መምህራችን እንኳ ወደ እሳቸው ክፍል ሲሄድ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፍ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያለው ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አንድ ቀን አንድ ባለባጃጅ ከበሩ ፊት ቆሞ ደንበኛውን ለመጥራት ጡሩምባውን ደጋግሞ አንባረቀው። እትዬ ስንዱ ወጥተው ከፊቱ ቆሙ።

«ስድስት ልጅ አስተኝቻለሁ» አሉት። «አንዱ ከነቃ ይዤልህ እመጣለሁ፤ አንተ ታስተኛዋለህ።»

ባለባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ባጃጁን በእጁ እየገፋ ሄደ።

ሥራቸው እንግዲህ ልጅ ማስተኛት ነበር። የሕፃናት ማቆያ ትባል እንጂ ክፍሏ ድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች፤ ብትታጠብ ብትታጠብ የኳስ ቆዳ ሽታዋን አልተወችም። ከወሊድ የተመለስን መምህራት ልጆቻችንን እዚያ እናስቀምጥና በክፍለ ጊዜ መካከል እየሮጥን እናጠባለን። በሩ ላይ በኮምፒውተር የተጻፈ ረጅም ደንብ ተለጥፏል። እትዬ ስንዱ ያን ደንብ አንብበውት የሚያውቁ አይመስለኝም። የእሳቸው ደንብ አንድ ብቻ ነበር።

«እዚህ ቤት የታሰረ ልጅ አይተኛም።»

ማሰር ማለት መጠቅለል ነው። ደባርቅ ብርዱ አይጣል ነው፤ ኅዳር ሲገባ ጧት ጧት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ስለዚህ ሕፃን ሁለት እጆቹ ከጎኖቹ ጋር ተጣብቀው በነጠላ ይጠቀለላል፤ በላዩ ላይ መቀነት ይዞርበታል፤ ፊቱም ከብርዱም ከሰው ዓይንም ይሸፈናል። እኔ ለሥራ ከደሴ የመጣሁ ነኝ፤ ባለቤቴ ግን የደባርቅ ልጅ ነው፤ አማቴ እማማ ጥሩም አብረውን ይኖሩ ነበር። ልጄ ባሮክ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። ከተወለደ ጀምሮ በገዛ መቀነታቸው ያስሩታል።

«ልጅ ካልታሰረ ይባንናል» ይሉኛል። «ከባነነ ልቡ ይሸሻል፤ እጁም ተንሻፎ ይቀራል። ባልሽን ያሳደግሁት እንዲህ ነው።»

ባሌን አየት አደርገዋለሁ። እጁ ቀጥ ያለ ነው። ምን እላለሁ?

ባሮክን ወደ ማቆያው የወሰድኩት ሦስት ወር እንዳለፈው ነው። እትዬ ስንዱ ገና ሳይቀመጡ መቀነቱን ፈቱ፤ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። ነጠላውንም አጣጥፈው ሰጡኝ። ከዚያ ሁለት እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ አስገብተው ትንሽ ቆዩ። ማንኛውንም ልጅ ከመንካታቸው በፊት እንዲህ እጃቸውን ያሞቁ ነበር። ባሮክን ተቀብለው እያወዛወዙ ዓይኑ ከበድ ሲል፣ ገና ሳይተኛ፣ በጀርባው አስተኙት። ትንሽ አሸለበ። ወዲያው እጆቹን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ከገደል እንደሚወድቅ ሰው አየሩን ጨበጠ። ከዚያ ጩኸቱን ለቀቀው።

እኔ ከበሩ ሮጥኩ። «ምን ሆነብኝ?»

«ቁሚ እዚያው» አሉኝ። «ምንም አልሆነም። ሁሉም ሲወለዱ እንዲህ ናቸው፤ ቆይቶ ይተዋቸዋል። አንቺ ስትሮጪ ግን እሱም እውነት የሚያስሮጥ ነገር የመጣ ይመስለዋል።»

መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ፤ በሌላው እጃቸው ሁለቱን ትንንሽ እጆች ሰብስበው ያዙ። አላነሱትም፤ አላቀፉትም። ዝቅ ባለ ወፍራም ድምፅ አንድ ነገር ያንጎራጉሩለታል። ሲረጋጋ እጆቹን ለቀቁ፤ ቆይተው መዳፋቸውን ከደረቱ ቀስ አድርገው አነሱ፤ ድመት ከምድጃ ዳር ስትነሳ እንደምታደርገው። እንደገና ባነነ። እንደገና መዳፋቸውን መለሱ። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አልቆጠርኩም፤ እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ብርዱንስ ምን ያደርጉታል አትሉም? ከአሮጌ ሹራብና ከተቀደደ ጋቢ እጅጌ የሌለው፣ አንገቱ የማይጠብ፣ ከእግር በኩል የተዘጋ ሰፊ ልብስ በእጃቸው ይሰፋሉ። ልጁ ውስጡ ይገባል፤ እጆቹ ውጭ ናቸው፤ እግሩ እንደልቡ ይራገጣል፤ ተንሸራቶ ፊቱን የሚሸፍን ብርድ ልብስ የለም። እኛ መምህራን «የስንዱ ጆንያ» እንለው ነበር፤ ልጆቻችንንም «ባለጆንያዎቹ»። እማማ ጥሩ ባሮክን በዚያ ልብስ ያዩት ዕለት እራት አልበሉም።

«የልጄን ልጅ እንደ ገብስ ጆንያ ውስጥ ከተተችው!» አሉ።

እትዬ ስንዱን አንድ ቀን ደፈር ብዬ ጠየቅኳቸው። «እርስዎ ልጆችዎን አላሰሩም?»

«አራት ወልጄ አራቱንም አስሬ አሳድጌያለሁ፤ አራቱም ደኅና ናቸው» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ያ ዕድል ነው፣ ቲቸር። በዕድል የሰው ልጅ አልጠብቅም።»

ቲቸር ይሉናል ሁላችንንም፤ አንቺ እያሉ። ለእኔ ቤት የሚሆነውንም መከሩኝ። «ዛሬ አንድ እጁን አውጡለት፤ ሲለምድ ሁለተኛውን። መገልበጥ ሳይጀምር ጨርሱ። ልጅ ታስሮ ከተገለበጠ የሚመለስበት እጅ የለውም።»

«እሺ» አልኩ። ለእማማ ጥሩ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እውነቱን ልናገር፤ ፈሪ ነኝ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች እፈራ ነበር፤ አንዷን ቀን፣ አንዷን ማታ። ልጄ ቀን ተፈትቶ ይውላል፤ ማታ ታስሮ ያድራል። ቤት የለመደውን ማቆያ ውስጥ ሲያጣው እየባነነ ያለቅሳል፤ የእሱ ለቅሶ ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እንቅልፍ አጥቶ ሊታመምብኝ ነው እያልኩ እፈራለሁ። ፈርቼ ፈርቼ፣ እማማ ጥሩ ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም ማለት ጀመርኩ። ሳይንስ አስተማሪ ነኝ እንግዲህ!

አንድ ሐሙስ እትዬ ስንዱ ጎረቤታቸው ሞተው ቀብር መሄድ ነበረባቸው። ከምሳ በኋላ ልጆቻችንን ራሳችን እንድንይዝ ከጧቱ ነገሩን። ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ወሰዱ። እኔ አንድ ክፍለ ጊዜ ባዶ ስለነበረኝ ባሮክን ማቆያው ውስጥ ላስተኛው ሞከርኩ። ደረቱ ላይ እጄን አደርጋለሁ፤ ሳነሳ ይባንናል። እንደገና፤ እንደገና። ፊቱ ከለቅሶ ብዛት ቀልቷል። ቀጥሎ የሰባተኛ ክፍል ፈተና አለብኝ፤ ደወሉ ተደወለ። የክፍል አለቃዋ መጥታ «ቲቸር፣ ተማሪዎቹ እየጠበቁ ነው» አለችኝ።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። መቀነቱ እዚያው አለ፤ እማማ ጥሩ በየጧቱ ይጨምሩልኛል። እጆቹን ከጎኖቹ ጋር አጣብቄ በነጠላዬ ጠቀለልኩት፤ መቀነቱን ሁለት ጊዜ አዞርኩበት። ወዲያው ዝም አለ። ዓይኑ ተከደነ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከጠባ ትንሽ ስለቆየ ቢያስመልሰውስ ብዬ በጎኑ አስተኛሁት፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። የፈተናውን ወረቀት አድዬ፣ ሌላ መምህር እንዲጠብቅልኝ ለምኜ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

ወረቀቱ ጎደለ። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ዴስክ ተጣሉ። ሊተካኝ የሚችል መምህር አጣሁ። በመስኮት ማቆያዋን እያየሁ፣ ዝም ማለቱን እንደ ደኅንነት ቆጥሬ ቆየሁ። ከዚያ እትዬ ስንዱ በግቢው በር ሲገቡ አየኋቸው። ነጠላቸውን ለኀዘን እንዳዘቀዘቁ፣ ቤታቸው እንኳ ሳይደርሱ፣ ቀጥ ብለው ወደ ማቆያው ሄዱ።

«ቲቸር!»

ጩኸቱን ሁሉም ክፍል ሰማው። በልጅ እንቅልፍ ሰዓት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም ነበር። እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም፤ አንድ ጫማዬ ሜዳው ላይ ቀርቷል። ስደርስ እትዬ ስንዱ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባሮክ ጭናቸው ላይ ነው። መቀነቱ ተፈትቶ ተጥሏል። የልጄ ከንፈር ጠቁሯል። እጆቹ፣ ያ ሁሉ ሲወራጩ ያስለቀሱኝ እጆቹ፣ ተንጠልጥለዋል። እትዬ ስንዱ ጀርባውን በመዳፋቸው ያሹታል፤ «ባሮክ፣ ባሮክ፣ በል እንጂ አባቴ» ይሉታል። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። እግዚአብሔርን እንኳ መጥራት አልቻልኩም።

ሳል የመሰለ ነገር ተሰማ። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ከዚያ እሪ ብሎ አለቀሰ፤ እጆቹን ወርውሮ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ።

እትዬ ስንዱ ሰጡኝ። «በፊቱ ተደፍቶ ነው ያገኘሁት» አሉ። «ተገልብጧል። ዛሬ መጀመሪያው ነው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«አይቻለሁ። ተነሺ፤ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

ነርሷ ደረቱን አዳመጠችው፤ ቀለሙን አየች፤ እስኪመሽ አቆይታን ደኅና ነው አለችን። ስንመለስ መንገድ ላይ የእትዬ ስንዱን ነጠላ ጫፍ ይዤ ለመንኳቸው። ለባለቤቴ አይንገሩብኝ፤ ለእማማ ጥሩ በፍጹም አይንገሩብኝ አልኩ። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ልገድልባቸው ነበር፤ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

«ከዛሬ ጀምሮ አይታሰርም» አሉኝ እትዬ ስንዱ። «አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ የሚባል ነገር ቀረ። ቀንም ማታም።»

«እማማ ጥሩን ምን ብዬ ላሳምናቸው?»

«ለቤቱ እኔ አለሁ። አንቺ ልጁን ያዢ።»

ቅዳሜ ገበያ ውዬ ስገባ እማማ ጥሩ ባሮክን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ልጁ ጆንያው ውስጥ ነው፤ እጆቹ ውጭ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ከእንግዲህ አናስረውም» አሉኝ። ምክንያቱን ልጠይቅ አልደፈርኩም። እትዬ ስንዱ መጥተው በዚያ ድምፃቸው አስፈራርተዋቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ በልቤም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲገናኙ እትዬ ስንዱ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ፤ እማማ ጥሩ ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። በጆንያው ተሸንፈው ነው የተቀየሙት ብዬ ነገሩን ተውኩት።

ባሮክን ያለ ጥቅል ማስተኛት የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ ስንዱ በባዶ ክፍለ ጊዜዬ ሁሉ አስቀምጠው አስተማሩኝ። መዳፌ ደረቱ ላይ ነው፤ ልቡ ከሥሩ ይመታል። «በይ አንሺ አሁን» ይላሉ። «አልችልም» እላለሁ። «ትችያለሽ፤ እኔ አለሁ» ይላሉ። አነሳለሁ፤ ይባንናል፤ እመልሳለሁ። መፍራቴን እንዳቆም አንድም ቀን አልነገሩኝም። «ፍርሃቱ ይቆይልሽ፤ እጅሽን ብቻ አትፍጠኚ» አሉኝ። ከሳምንት በላይ ፈጀብን። አንድ ከሰዓት በኋላ ሲባንን ዓይኑን ገለጠ፤ ጣቱን አገኘና አፉ ውስጥ ከተተው፤ ራሱን መልሶ አስተኛ። እትዬ ስንዱን አየኋቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ወጡ። እኔ ግን አልወጣሁም፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ክፍለ ጊዜዬ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።

በዓመቱ ወደ ዳባት ተዛወርን፤ እማማ ጥሩ ከከተማቸው አልወጣም ብለው ደባርቅ ቀሩ። በቀብሩ ቀን በሚኒባስ ስደርስ ሥርዓቱ አልቆ ሰው ወደ ድንኳኑ ተመልሷል። በማቆያው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ሞልተውታል። አልቅሼ ስጨርስ እማማ ጥሩን ጥግ ላይ አየኋቸው። ለእድር ወግ ነው የመጡት፤ ዓይናቸው ደረቅ ነው። ወጣ እንበል ብለው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዱኝ።

«አሁን ከሞተች ወዲያ ልንገርሽ» አሉኝ። «ያን ቅዳሜ አንቺ ገበያ ሳለሽ ስንዱ መጣች። ድንጋይ ተሸክማ ደጃፌ ላይ ተንበረከከች። ‹የልጅ ልጅዎን ጠቅልዬ አስተኝቼው፣ ተገልብጦ ትንፋሹ ሊቆም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይማሩኝ። እርስዎ ግን ከእንግዲህ አይሰሩት› አለችኝ።»

«ልጮህባት ነበር» አሉ እማማ ጥሩ። «ኋላ ድንጋዩን አየሁ። ስለ እግዜር ብዬ ማርኋት። ከእንጀራዋ እንዳትነቀል ብዬ ለልጄም ላንቺም አልተናገርሁ። ሰላምታዋን ግን አልተቀበልሁም። እጇን ባየሁ ቁጥር ልጁ ድፍት ብሎ ይታየኛል። እስከዛሬ።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ነገሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ያን ቀን ተቀብሯል። ባሮክን እትዬ ስንዱ ጭን ላይ እጁ ተንጠልጥሎ ያየሁት ቀን የፈራሁትን ያህል ፈራሁ።

«እማማ» አልኩ። «እሳቸው ያን ቀን ቀብር ሄደው ነበር። ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ያተረፉት ናቸው።»

እማማ ጥሩ አዩኝ። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ፊቴን ሰጠሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዞሩ፤ የድንኳኑን መጋረጃ ገልጠው ገቡ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አያቸው። መካከል ላይ ቆመው፣ አሁን ገና መርዶ እንደሰማ ሰው ደረታቸውን እየደቁ እንደ አዲስ ጮኹ።

«ስንዱ! እኅቴ ስንዱ! ያላጠፋሽውን ይቅር ያልሁሽ!»